ኦርሳጎራስ «ይብቃን» ያለ ዕለት

የአርጎስ አዋጅ ነጋሪ ፋልኬስ ያን ሰሞን ድምፁ ተዘግቶ ነበር። የሚገደሉትን ሰዎች ስም ሲጠራ ከርሞ ነው። ሀብታሞቹ ከተማዋን ለስፓርታ ሊያስረክቡ ነው የሚል ወሬ ከተነሣ ወዲህ ሕዝቡ ጠዋት ጠዋት በሸንጎው የድንጋይ ደረጃ ላይ ይሰበሰባል፤ ፋልኬስ ስም ይጠራል፤ የተጠራው ገበያው መሀል ተጎትቶ በዱላ ይቀጠቀጣል።

ይህን እሳት የለኮሰው የፋልኬስ እህት የዳማሬታ ባል ኦርሳጎራስ ነው። አንደበቱ የተባ ነው፤ ሲናገር ሕዝቡ ያብዳል። ያን ቀን ግን ፊቱ አመድ መስሎ መጣ።

«ዛሬ ይብቃን ልላቸው ነው» አለው ፋልኬስን በጆሮው።

«አብደሃል? ዝም ብለህ ተቀመጥ! ለዳማሬታ ምን ልላት ነው?»

«አንተ ብቻ ለንግግር ጥራኝ።»

ፋልኬስ ጠራው። ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበለው።

«የአርጎስ ሰዎች! ጠላቶቻችን አልቀዋል። አሁን የምንገድለው ጎረቤቶቻችንን ነው። ይብቃን!»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ሚኮን የሚባል ሥጋ ሻጭ ከላይኛው ደረጃ ብድግ አለ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች! ትናንት በሉት ሲለን የነበረው ይሄው ሰውዬ አይደል? ዛሬ የትኛው ሀብታም ቤት በልቶ ነው የመጣው?»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ፋልኬስን ከጩኸት ይልቅ አስፈራው። ወዲያው ዱላዎቹ ከየደረጃው ወረዱ። የመጀመሪያው ኦርሳጎራስን አፉ ላይ አገኘው፤ ጥርሶቹ ከደም ጋር ረገፉ።

አዋጅ ነጋሪን የሚመታ የለም፤ ጦር ሜዳ ላይ ጠላት እንኳ የአዋጅ ነጋሪነት በትሩን አይቶ ያሳልፈዋል። ፋልኬስ ይህን ተማምኖ የወደቀው አማቹ ላይ ተደፋ።

«በትሩን እዩ! በዜውስ፣ በትሩን እዩ!»

«ዞር በል ወንድሜ፤ አንተን አንነካም» አለ ሚኮን።

ፋልኬስ ንቅንቅ አላለም። ዱላው በትሩንም ክንዱንም አንድ ላይ ሰበረ። በደህና እጁ የኦርሳጎራስን ልብስ ጨምድዶ ያዘ፤ ጨርቁ ተቀዶ እጁ ላይ ቀረ። የዱላው ድምፅ መጀመሪያ እንጨት እንደሚፈልጥ ነበር፤ በኋላ ጭቃ እንደሚመታ ሆነ። ኦርሳጎራስ ሚስቱን በስሟ ሁለቴ ጠራት። ከዚያ ዝም አለ።

ሰዉ ሲበተን ዳማሬታ መጣች። የባሏ ፊት ፊት አይመስልም ነበር፤ እግሩ ላይ ባለው የቃጠሎ ጠባሳ ለየችው።

«የጠራኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

አልመታችውም፤ አላለቀሰችም።

«እግሩን ያዝ» አለችው።

«ባንድ እጄ ነው።»

«ባንድ እጅህ ያዛ!»

ተሸክመው ሲወጡ ሚኮን መንገድ ለቀቀላቸው። ዳማሬታ ዞር ብላ ፊቱ ላይ ተፋችበት።

ብዙም ሳይቆይ ሕዝቡ ሚኮንን ራሱን ጠረጠረው። ስሙን የጠራው ሌላ አዋጅ ነጋሪ ነበር። ፋልኬስ ያን ቀን እህቱ ቤት የተሰበረ ክንዱን በጨርቅ አስሮ ተቀምጦ ነበር። የገበያው ጩኸት እየበረታ ሲመጣ ዳማሬታ ተነሥታ በሩን ዘጋችና የክንዱን ጨርቅ ትፈታለት ጀመር።