የገብስማው ዶሮ አባት

ሎፋንቲ ዶሮውን ከቅርጫቱ አውጥቶ በግራ ክንዱ ላይ አስተኛው፤ ክንፉን ገለጠ፣ አናቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣ እግሩን ጨበጥ አድርጎ ለቀቀ። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። እሱ ግን «ተቀብለናል» አላለም።

«ምነው ባምቦ ሎፋንቲ!» አለ የወንዱ ወገን ዋስ ቺፔታ፣ በአገሩ ወግ አቶ ለማለት ባምቦ ብሎ። «ዶሮ ሰጠንዎት እንጂ ሕመምተኛ አላመጣንም። ምርመራው በዛ!»

በምንጣፉ ወዲህና ወዲያ የተቀመጠው ዘመድ ሁሉ ሳቀ። ሙሽራው ግሬሻም ሳቀ። ፌሌሲታም ከአክስቶቿ መሐል ሆና አፏን በመዳፏ ሸፍና ሳቀች። የሎፋንቲ የሟች እህቱ ልጅ ናት፤ አባት ኖረም አልኖረ የእህት ልጅ የአጎቷ ናት፣ ዋስ የሚሆናትም እሱ ነው። የወንዱ አጎት አውራ ይሰጣል፣ የሴቷ አጎት ሴት ዶሮ ይመልሳል፣ ጋብቻው ጸና ማለት ነው። በደኅናው ጊዜ ቢሆን የደረሰ አውራ ነበር የሚመጣው። ዝናቡ ሊገባ ሲል ግን ፈንግል ገብቶ የየጓሮውን ዶሮ ጠርጎት ነበርና፣ ሁለቱም ወገን ያቀረበው ከሞት የተረፈ የሁለት ወር ጫጩት ነው።

«ይቺ ሴት ናት» አለ ሎፋንቲ።

ሳቁ ቆመ።

«ምን አሉ?»

«ሴት ናት አልኩ። ሴት ዶሮ በሴት ዶሮ ልትለውጡን ነው የመጣችሁት?»

ሎፋንቲ የተማረው እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ጣቱ ግን ከዚያ በላይ ተምሯል። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ የዶሮ እርባታ የጫጩት ወንድና ሴት ሲለይ ኖሯል። ዲፕሎማ የያዙት ልጆች መጽሐፍ ከፍተው ሲከራከሩ እሱ ሣጥኑን ለይቶ ጨርሶ ምሳውን ይበላ ነበር። ይኸን ማን ጻፈለት? የተጻፈለት ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ሁለት መቶ ቄብ ተብሎ ከተሸጠው ውስጥ ሠላሳው አውራ ሆኖ ተገኘ። ሣጥኖቹን ያቀላቀለው ኃላፊው ነበር፤ ደብዳቤውን የጻፈውም ኃላፊው ነው፤ «ሠራተኛው የዶሮ ወንድና ሴት መለየት አይችልም» ብሎ። ብዕር የያዘ ሰው ጥፋቱን ብዕር ለሌለው ያሸክማል፣ ዓለም እንዲህ ናት። ያ ኃላፊ ቺፔታ ነበር። ይኸው ሃያ ዓመት፣ ሎፋንቲ ያቺን አንዲት መስመር ሳያስባት የዋለበት ቀን የለም።

አሁን ደግሞ ቺፔታ ራሱ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ የዶሮ ወንድና ሴት ሳይለይ መጣለት።

ምልክቱም ግልጽ ነበር። ጫጩቱ ገብስማ ነው። የእርባታው ገብስማ ዘር ነጭ ከበዛበት አውራ፣ ጥቁር ከበዛበት ሴት ነው። ይኸ ጥቁሩ የበዛ ነው። አናቱ ላይ ያለው ሥጋም ዝርግና የገረጣ፣ ከመጤፍ የማይቆጠር።

«እህቴ በእጇ ያሳደገችው ነው» አለ ቺፔታ እየተነሳ። «አውራ ነው ካለች አውራ ነው።»

«እህትዎ እርባታ ሠርታለች? እኔ ሠርቻለሁ። ረሱት እንዴ?»

«የሰው ፊት ነው፣ ባምቦ ሎፋንቲ። ቀስ ይበሉ።»

«የሰው ፊት መኖሩን ዛሬ አወቁ?»

የግሬሻም እናት፣ የቺፔታ እህት፣ ከሴቶቹ ወገን እጇን አነሳች። «ኧረ ቆዩ፣ ወንድሞቼ! የጫጩቱ አባት እኮ…»

«ሴቶች ዝም ይበሉልን!» አለ ሎፋንቲ። «የሚነጋገረው ዋስና ዋስ ነው።»

ቺፔታ ባርኔጣውን ደፋ። «ቤተሰቤን አጭበርባሪ አልክ። እሺ። ሴት ከሆነች እንቁላሏን ብላ!» ብሎ ወጣ፤ ወገኖቹም ተከተሉት። ግሬሻም ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አየ። የአጎቱን ቃል ግን ማን ይሽራል?

ማታ ፌሌሲታ ምግብ ይዛለት መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«አጎቴ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«ጣቴ ዋሽቶኝ አያውቅም።»

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ እየመጣች አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀው ጀመር።

«ጣለች?»

«ትጥላለች። ገና ናት።»

በአራተኛው ሳምንት መጠየቁን ተወች። በዚያው ሳምንት ሎፋንቲ ጥሬ ሲበትን ከዶሮው ወገብ ላይ የወረደ ቀጭን ሹል ላባ አየ። ሴት ዶሮ እንዲህ ያለ ላባ የላትም። አየውና ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። በማግስቱ ላባው ሦስት ሆነ። «ፀሐዩ ዓይኔን አጭበርብሮት ነው» አለ ለራሱ። ከዚያ ወዲያ ጥሬውን ፊቱን አዙሮ ይበትን ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ዶሮው ከአጥሩ ላይ ወጥቶ ጮኸ። ድምፁ ገና ያልበሰለ፣ ሻካራ፣ መሐሉ ላይ የሚሰበር ነበር። ሎፋንቲ መኮትኮቻውን ጣለ። ሁለተኛ ሳይጮህ ያዘውና በጆንያ ከተተው፤ በጓሮው በኩል በበቆሎው ማሳ መሐል ወጥቶ የሁለት ሰዓቱን መንገድ ወደ ቺፔታ መንደር ተያያዘው።

ቺፔታ እግሩ አብጦ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ውሃ አስመጣለት፣ ወንበር አስመጣለት። አክብሮቱ ሎፋንቲን ከስድብ ይልቅ አስጨነቀው። ጆንያውን ፈታ።

የግሬሻም እናት ከጓዳ ወጥታ ዶሮውን አየችው። «ገብስማነቱን ያመጣው ከእናቱ ነው» አለች በቀስታ። «አባቱ ያ ጥቁሩ የመንደር አውራ ነበር፣ አናቱ ዝርግ የሆነው። ፈንግል ገደለው። ልነግርዎት ስል ዝም አሰኙኝ።»

ሎፋንቲ ወንበሩን ያዘ። ጥቁር አውራና ገብስማ እናት ከተገናኙ ሴቶቹ ጫጩቶች ጥቁር ይወጣሉ፤ ገብስማ ሆኖ የተፈለፈለው ሁሉ አውራ ነው። ይኸን እርባታው ውስጥ ለባለ ዲፕሎማዎቹ የነገራቸው እሱ ራሱ ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ አባቱ ምን ዓይነት ነው? ቺፔታን መጠየቅ ግን ልመና መስሎት ነበር።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ። «ግሬሻምን ጥሩልኝ። ልጅቷ እየጠበቀችው ነው።»

ቺፔታና እህቱ ተያዩ።

«አንድ ወር ጠበቅን» አለ ቺፔታ። «ያፈረሰው ወገን ሰው ይልካል ብለን። ልጁ መንገድ መንገዱን ሲያይ ነበር የሚውለው። ባለፈው ቅዳሜ ምፖኔላ ላለች ልጅ ወገኖች ዶሮ ሰጠንለት። ተቀበሉን።»

ባለፈው ቅዳሜ። ሹሉን ላባ ካየ ግን ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው።

«ያ ደብዳቤ ባይኖር…» አለ ሎፋንቲ።

«የምን ደብዳቤ?»

«የእርባታው። ሠላሳዎቹ አውራዎች። የዶሮ ወንድና ሴት አይለይም ብለው የጻፉብኝ።»

ቺፔታ ግንባሩን ቋጥሮ ብዙ አሰበ። እየዋሸ አልነበረም፤ ውሸት ቢሆን በቀለለ።

«እዚያማ የሠራሁት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ስንት ደብዳቤ ፈርሜያለሁ። እርስዎም እዚያ ነበሩ እንዴ?»

ሎፋንቲ ጆንያውን ከመሬት አነሳ።

«ይስሙኝ» አለ ቺፔታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዶሮውን እዚህ ይተዉት። ሞተ ይበሉ። በዚህ ዓመት ያልሞተ ዶሮ አለ እንዴ? የሆነው ሆኗል። ልጅቷም እውነቱን ብታውቅ ንዴት እንጂ ባል አይሆናት። የእርስዎም ስም እንደተከበረ ይቀራል።»

ለበጎ ነው ያለው። ሎፋንቲ ዶሮውን መልሶ በጆንያ ከተተና አመስግኖ ተነሳ።

መንደሩ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በበቆሎው መሐል ቀጥታ ወደ ጓሮው ይወስዳል። ሌላው በውሃው ፓምፕ አጠገብ ያልፋል፤ በዚያ ሰዓት የመንደሩ ሴት ሁሉ እዚያ ናት፣ ፌሌሲታም። ቆመ። ጆንያው ውስጥ ዶሮው ይንፈራገጣል። ሎፋንቲ ፈትቶ አወጣው፣ ጆንያውን ጣለ፣ ዶሮውን በክንዱ አቅፎ ወደ ፓምፑ ወረደ።

«እሰይ፣ ዶሮ ሊያርዱልን ነው!» አለች አንዷ። ሴቶቹ ሳቁ።

«አውራ ነው» አለ ሎፋንቲ።

ፌሌሲታ ፓምፑን መጫን አላቆመችም። ባልዲው ሞልቶ ውሃው በእግሯ ላይ ይፈስሳል።

«ልጄ፣ አውራ ነው። እነሱ አልዋሹም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንት ደግሞ እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

«ግሬሻምስ?» አለች።

«ባለፈው ቅዳሜ ለሌላ ወገን ዶሮ ሰጡለት።»

እጇ ከፓምፑ ላይ ወረደ። ባልዲውን አነሳች፣ ራሷ ላይ አስተካከለች፣ በአጠገቡ አለፈች። ፊቱን አላየችውም።

«በሉ ይሂዱ፣ ባምቦ» አለች አንዲት አሮጊት፣ እንደ ማዘን ብላ። «የሚሉትን ብለዋል። ይግቡ ቤትዎ።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ እየቀዱ ሄዱ። ከወዲያኛው መንደር ደግሞ ሌሎች ባልዲ ይዘው እየመጡ ነበር፤ እነዚያ ገና አልሰሙም። ሎፋንቲ ዶሮውን እንዳቀፈ እዚያው ቆሞ ጠበቃቸው።