የድንኳኑ ገመድ

1.

ገመዱ ወንዙ ውስጥ ነው።

2.

የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ወልደየስ ይህን ሲነግሩኝ አባቴ ከሞተ ገና ማደሩ ነው። ድንኳኑ ደጃችን ላይ ተዘርግቷል። ቋሚዎቹ አሉ፣ ሸራው አለ፣ መወጠሪያ ገመዱ የለም። ሐምሌ ነው፤ ሰማዩ ጠቁሯል።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ስንዱ» አሉኝ። «ገመዱ ግን…»

«አውቃለሁ» አልኳቸው።

አለቀስሽ ወይ ብትሉኝ፣ አላለቀስኩም። እንባው የት እንደገባ እንጃ። ሰው ሲያቅፈኝ እታቀፋለሁ፣ ሲለቀኝ እቆማለሁ።

3. ስለ ገመዱ

ይህን ቁጥር የጻፍኩት የሰፈራችን ሰው ላልሆናችሁት ነው። የሰፈሬ ሰዎች እለፉት። ታውቁታላችሁ።

ሰፈራችን ወንዝ ዳር ነው። ከላይ ያለው ከተማ የጠጣበትን ሃይላንድ፣ የገዛበትን ፌስታል፣ ሁሉንም ወንዙ ይዞት ይወርዳል። ከእኛ በታች እትዬ ዲንቄ ጎመንና ቆስጣ ያለማሉ። አንድ ክረምት ጎርፉ ፕላስቲኩን ማሳቸው ላይ ዘርግፎት ሄደ። ያን ዓመት የሸጡት የለም።

አባዬ፣ ደምሰው ነው ስሙ፣ «ከድልድዩ ሥር መረብ እንዘርጋ» አለ። ሰፈሩ ወጣ፣ ጎሽ ተባለ፣ ተዋጣ። መረቡን ከአሮጌ የኳስ ጎል አገኘነው። ለገመድ የተዋጣው ግን ለባነርና ለቲሸርት አለቀ።¹ ባነሩ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። ድሩ አለ፤ የሚያስረው ጠፋ።

ስለዚህ አባዬ የእድሩን ድንኳን ገመድ ለመነ።

«ሰው ሲሞትስ?» አሉት ጋሽ ወልደየስ።

«ሰው ሲሞት መረቡን አጽድቼ፣ ገመዱን ፈትቼ፣ ድንኳኑ ሳይቆም አደርሳለሁ።»

አደረሰ። ሰፈሩ ለቅሶ በተቀመጠ ቁጥር አባዬ ገመዱን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ይመጣል። ያኔ ማንም አላየውም ማለት አይደለም። ሁሉም አይቶታል።

¹ የእኔ ቲሸርት አሁን መወልወያ ነው።

4. መረብ ለማጽዳት

ቦቲ አድርግ። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ያዝ። ከዳር ጀምር፤ ከመሃል ከጀመርክ ውሃው ይጥልሃል። ሃይላንዱን ለብቻ፣ ፌስታሉን ለብቻ። የሞተ ውሻ ካገኘህ ወደዚያ ዞር ብለህ ተንፍስ።

ሳታጸዳ ገመዱን አትፍታ። ከፈታኸው ያጠራቀምከው በአንድ ጊዜ ሄዶ የእትዬ ዲንቄ ጎመን ላይ ያርፋል። ከነጭራሹ መረብ ባይኖር ይሻላቸው ነበር።

ለአንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ለአርባ ሰው ስንት እንደሚፈጅ አላውቅም፤ ተሞክሮ አያውቅም። በምርቃቱ ቀን አርባ ሆነን ፎቶ ስንነሳ መረቡ ገና ባዶ ነበር።

5. ጥየቃ

አባዬ ሦስት ሳምንት ተኛ። እግዜር ይስጣቸው፣ ጠያቂ ከቤታችን አልጠፋም።

አባዬ፦ መረቡስ?

እትዬ ዘነቡ፦ ጸድቷል ጋሼ። ይልቅ ይችን አጥሚት ፉት ይበሉ።

አባዬ፦ መረቡስ?

ታምራት፣ የዘነቡ ልጅ፦ አጽድተነዋል። እርስዎ ብቻ ይዳኑልን።

አባዬ፦ መረቡስ?

ጋሽ ወልደየስ፦ ኧረ ደምሰው፣ አርፈህ ተኛ! እኛ የለንም እንዴ?

ክፋት አልነበረበትም። በእኛ ሰፈር ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ ነውር ነው። ዘነቡ ልጄ አጽድቶታል ብለው ነው። ታምራት እድሩ አጽድቶታል ብሎ ነው። ጋሽ ወልደየስ ወጣቱ አጽድቶታል ብለው ነው። እኔ የአባዬን ገላ እያገላበጥኩ ከቤት አልወጣሁም፤ እኔም አመንኩ።

አባዬ አምኖ ሞተ። ፊቱ ላይ ያየሁት እረፍት ነበር።

6.

ሞልቷል።

7.

መረቡን ነው የምላችሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ድልድዩ ጋ ስደርስ ውሃው አይታይም። ከዳር እስከ ዳር ሃይላንድ ነው። ገመዱ ተወጥሮ ይንጣጣል።

ሌላ ገመድ ይገዛ እንዳትሉኝ። እሁድ ነው፤ ሱቁ ዝግ ነው፤ ቀብሩ በስምንት ሰዓት ነው። ዝናቡ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ለቀስተኛው ተከትሎኝ ወርዶ ድልድዩ ላይ ተደረደረ። ለለቅሶው የመጣው እሽግ ውሃ እዚያው ተከፍቶ ይታደላል። አንዱ ጠጥቶ ጨረሰና ባዶውን ሃይላንድ በእጁ እንደያዘ ቀረ። የት እንደሚጥለው ጨነቀው መሰለኝ።

«ፍቺው ልጄ፣ በሞቴ!» አሉ ጋሽ ወልደየስ። «ሬሳ እቤት አስቀምጠን ቆሻሻ አንለቅምም። ለዲንቄ ኋላ እናዋጣላቸዋለን።»

እትዬ ዲንቄ እዚያው ናቸው። ለቀብር መጥተው ከሰው መሃል ቆመዋል። መረቡን ያያሉ፣ ወደ ታች ያያሉ። ለቅሶ ላይ ስለ ጎመን አይወራም።

8.

ቋጠሮው እጄ ላይ ነው። የአባዬ ቋጠሮ ነው፤ አንድ ጫፉን ከሳቡት ይፈታል።

ተናደድኩ። ከትናንት ጀምሮ የተሰማኝ የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነው፣ ብታምኑም ባታምኑም ደስ አለኝ።

ቋጠሮውን ሳልፈታው ለቀቅኩት። ጫማዬን አወለቅኩ። ከዳር ጀመርኩ።

አንድ ሃይላንድ።

ፌስታል።

ሃይላንድ።

«ኧረ ስንዱ! ኧረ ሰው ምን ይላል!» አሉ እትዬ ዘነቡ።

ሰው ምንም አላለም። ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ቀና ስል እትዬ ዲንቄ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ወደ መውረጃው ሲመጡ አየሁ።

«እርስዎ አይደሉም» አልኳቸው። «እርስዎ እዚያው ይቁሙ።»

ቆሙ። ሁሉም ቆመ። እናንተም እስካሁን ቆማችሁ እያያችሁ ነው።

9.

መጀመሪያ ከድልድዩ የወረደው ሰው ስም (እናንተ ሙሉት)፦ ________