ክሪስፑሎን ከሐይቁ ለማምጣት

«ማናንግ ሆሴፋ፣ እትዬ፣ እንዳትሸኚ! ቁጭ በይ!» ኮንሲንግ ትከሻዋን ይዛ ወደ ወንበሩ መለሰቻት። «ለቅሶ ቤት እንግዳ ይሸኛል እንዴ? ሌላ ሬሳ ልትጠሪብን ነው?»

ሆሴፋ ተቀመጠች። ብድግ ያለችው ልትሸኝ አልነበረም፤ ወለሉን ልትጠርግ ነበር። እሱም አይፈቀድም። የሟቹ ዘጠኝ ቀን ሳይወጣ ቤቱ መጥረጊያ አይነካውም። ስለዚህ የኦቾሎኒው ቅርፊት ከጠረጴዛው ሥር ተከምሮ ተከምሮ፣ ሳልዋሽ፣ የአልፕስን ተራራ ያህል ሊደርስ ምንም አልቀረው። ሚላን ውስጥ ያለ የአገራችን፣ የኢሎኮስ፣ ሰው አንድም ሳይቀር እዚያች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ታጭቋል። ከፊሉ ይጸልያል፣ ከፊሉ ካርታ ይጫወታል፣ ከፊሉ የፓኬት ቡናውን እያማሰለ ያንሾካሹካል። አስከሬኑ ሆስፒታል ነው፤ ወደ አገሩ የሚጭነውን አውሮፕላን ይጠብቃል።

«ለመሆኑ የት ላይ እንደሞተ ታወቀ?» አለ አንዱ ካርታ ተጫዋች፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔን ከቬሮና ወዲህ አላናገረኝም» አለ አቤላርዶ፣ የሚኒባሱ ባለቤትና ሹፌር። «ተኝቷል ብዬ ሬዲዮውን ቀነስኩለት።»

ነገሩ ይኸው ነው። የሆሴፋ ባል ክሪስፑሎ፣ ከስሎቬኒያ፣ ከብሌድ ሐይቅ ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ እንደተቀመጠ ሞተ። የሚስቱ ራስ ትከሻው ላይ ነበር። እኛም ከሹፌሩ በቀር ሁላችን እንቅልፍ ጥሎናል። ሚላን ደርሰን «ተነሡ፣ ተነሡ» ስንባባል፣ ሁሉም ተነሣ፤ እሱ ብቻ እንደተቀመጠ ቀረ።

ክሪስፑሎን ያላወቀ ሰው አውሮፓን አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ሳምንቱን ሙሉ የሀብታሞች ሕንፃ ጠባቂና ጠራጊ ነው፤ ቅዳሜ መጥረጊያውን ሲያስቀምጥ ግን ንጉሥ ይሆናል። «ሰው ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ፣ የአሠሪውን መታጠቢያ ቤት ፈትጎ ብቻ አገሩ ይገባል?» ብሎ ከየቤታችን እየጎተተ ያስወጣናል። ቅዳሜ ማታ እንነሣለን፣ እሑድን ስንዞር እንውላለን፣ ሰኞ ጠዋት ዓይናችን እንደ በርበሬ ቀልቶ ሥራ እንገባለን። ፓሪስን በአንድ ከሰዓት ጨርሰን ለሌላው ጎብኚ ምንም አላስተረፍንለትም። የደረቀ ዓሣችን ሽታ እኛን ቀድሞ ድንበር ስለሚሻገር፣ የስዊዝ ጠረፍ ጠባቂዎች አፍንጫቸውን ይዘው «እለፉ፣ እለፉ» ይሉን ነበር፤ ፓስፖርት የጠየቀን የለም።

ሆሴፋ ግን ይደክማት ነበር። ስድስቱን ቀን አልጋ ላይ የቀሩ አሮጊት ስታገላብጥ፣ ስታጥብና ስታበላ የምትውል ሴት ናት። «አንድ እሑድ እንኳ አልጋዬ ላይ ልዋል» ትለዋለች።

«እንቅልፍ አገራችንም ሞልቷል» ይላታል። «የሌለችው ቬኒስ ናት።»

ትሄዳለች። ቬኒስን በዓይኗ ሽፋን በኩል አይታ ትመለሳለች።

ከየትም አገር ስንነሣ ግን አንድ ነገር አንረሳም ነበር። እኛ ዘንድ ሰው ከእንግዳ ቦታ ሲለቅ ነፍሱ በስሟ ትጠራለች። ነፍስ እንደ ልጅ ናት፤ ያየችው ያማልላታል። ካልጠሯት እዚያው ትቀራለች፣ ባለቤቷም ይታመማል፤ ሲብስም ይሞታል። ስለዚህ ክሪስፑሎ ሚኒባሱ በር ላይ ይቆምና ይጣራል። «ኮንሲንግ፣ ነይ እንሂድ፣ እንዳትቀሪ! አቤላርዶ፣ ና እንሂድ፣ እንዳትቀር!» ኤፍል ማማ ሥር ሲጣራ የፓሪስ ፖሊስ በሙሉ መጥቶብን ያውቃል። እሱን የምትጠራው ሆሴፋ ናት፤ ጠሪ የራሱን ስም አይጠራማ።

ስልኩ ጮኸ። የክሪስፑሎ እናት ናቸው፣ ከአገር ቤት። ቤተ ዘመዱ ሁሉ እንዲሰማ ኮንሲንግ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ሴፋ፣ ልጄ» አሉ አሮጊቷ። «ሰው ሁሉ የሞተበትን በሕልሙ ያያል። እኔ በሬን ከፍቼ እየተኛሁ አልመጣልኝም። ከዚያ ሐይቅ ስትነሡ ጠርተሽዋል?»

ካርታው ቆመ። ጸሎቱም ቆመ።

ሆሴፋ ሁለት እጇን ጉልበቶቿ መሐል ቀበረች። «ተኝቼ ነበር፣ እማማ ናና» አለች። «እሱ ሳይገባ ተኝቼ ነበር።»

አልተቆጧትም። ቢቆጧት በተሻለ። «እንግዲያ ልጄ እዚያው ነው» አሉ። «ባዶ ሣጥን ልትልኩልኝ ነው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቡና የቀመሰ ሰው የለም። በመጨረሻ ኮንሲንግ ተነሣች። «አቤላርዶ፣ ቁልፍህ የታለ?»

«የምን ቁልፍ?»

«የዚያ የቆርቆሮ ክምር ነዋ! ቅዳሜ ብሌድ እንሄዳለን። ሣጥኑ ሳይጫን ሰውየውን ማምጣት አለብን።»

«ኮንሲንግ፣ ወገቤ እኮ እስካሁን አልተቃናም።»

«ማን የተቃና ወገብ አለው እዚህ? ያለው ሰው እጁን ያውጣ!»

እጁን ያወጣ የለም። ቅዳሜ ማታ ሄድን።

ሙት ለማምጣት ድንበር የተሻገርን የመጀመሪያዎቹ አገር ጎብኚዎች እኛ ነን፤ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ። ግን ጉዞው ጉዞ አልነበረም። የሩዙን ድስት የከፈተ የለም፣ የቀለደም የለም። ከሆሴፋ አጠገብ ያለውን ቦታ ሁሉም እየተጠነቀቀ አልፎት ኋላ ተጨናነቀ። እሷ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗን አልከደነችም፤ ከሹፌሩ ጎን ሆኜ የፊት መስተዋቱ ውስጥ ባየኋት ቁጥር መንገዱን ታያለች። ያን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሳበታለች፣ አይታው ግን አታውቅም።

ብሌድ ጠዋት ጉም ለብሳ ጠበቀችን። በሐይቁ መሐል ያለችው ደሴት ገና አልታየችም፤ የቤተ ክርስቲያኗ ደወል ብቻ ይሰማል። ሆሴፋ በዳርቻው ቀድማን ሄደች፣ ሄደች፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ጋ ስትደርስ ቆመች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ በእጇ ይዛለች፤ እናትየው «ጥሪውን በጆሮዬ ልስማው» ብለው መስመር ላይ ናቸው።

«ጥሪው እንጂ» አለች ኮንሲንግ። «ጮክ በይ፣ ጉሙ ወፍራም ነው።»

«ያን ቀን እዚህ ተቀምጦ ነበር» አለች ሆሴፋ። «ክሪስፑሎ ሲቀመጥ አይታችሁት ታውቃላችሁ?»

ተያየን። ሩዙን እንኳ ቆሞ ነበር የሚበላው።

«ጫማውን አወለቀ። ‹ሴፋ፣ ደክሞኛል› አለኝ። ሳቅኩበት። ‹አንተም?› አልኩት። ስንት ዘመን ሙሉ የደከመው እኔን ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሱ የማይቀመጠው ደግሞ እኔ እንዳልሰንፍ ብሎ ነበር መሰለኝ። ትቼው ሄድኩና ሚኒባሱ ውስጥ ተኛሁ።»

አቤላርዶ ቆቡን አውልቆ ወደ ሐይቁ ዞረ።

«ሴፋ?» አሉ እናትየው በስልኩ። «ጠራሽው? መጣ?»

ሆሴፋ ወደ ሚኒባሱ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች፣ እሱ ይቆምበት በነበረበት። «ኮንሲንግ፣ ነይ እንሂድ፣ እንዳትቀሪ» አለች። ድምፅዋ ሻክሯል። «አቤላርዶ፣ ና እንሂድ፣ እንዳትቀር።» አንድ በአንድ ጠራችን፤ የተጠራ እየገባ ተቀመጠ። ሁላችንም ተጠርተን አለቅን። በሩ ክፍት ነው። አንድ ስም ቀርቷል። ያን ግን አልጠራችውም።

«ናና» አለች፣ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ «ተኝቷል። አልቀሰቀስኩትም።»

ከዚያኛው የዓለም ጫፍ የውሻ ጩኸት ብቻ መጣ።

«ጫማውን አውልቋል?» አሉ አሮጊቷ።

«አውልቋል።»

«እ… እሱ ልጅ ሆኖም ጫማውን ካወለቀ አይነሣም ነበር።» አፍንጫቸውን ሳብ አደረጉ። «በይ ተዪው። ሣጥኑን ላኪልኝ፣ እኔ የመጣውን እቀብራለሁ። እሱ ይተኛ።»

ሆሴፋ ስልኩን ለኮንሲንግ ሰጠቻትና ወደ አግዳሚው ተመለሰች። ጤዛውን በመዳፏ ጠረገችው። ሹራቧን አወለቀች፤ በዚያ ብርድ ስስ ጥቁር ቀሚስ ብቻ ነው የቀራት። ሹራቡን ወንበሩ ላይ ዘረጋችውና፣ ጫፉን፣ የተኛ ሰው እግር በሚሆንበት በኩል፣ ወደ ውስጥ አጠፍ አደረገችው።