ያለ ምልክት በውሰት የሄደች

ለወይዘሮ አሰገደች ልጅ ሠርግ ከየቤቱ የተሰበሰበው የውሰት ዕቃ ሰኞ ረፋዱ ላይ ሲመለስ፣ የወይዘሮ ትርንጎ ልጅ ተለውጣ መጣች።

ሌላው ሁሉ ልክ ነበር። ትሪው የራሷ ትሪ ነው፤ ከሥሩ ሰማያዊ ነጥቡ አለ። ሁለቱ ድስቶች ከነክዳናቸው መጥተዋል። ፔርሙዙም አልተሰበረም። ልጅቷ ግን ረድኤት አይደለችም። ቁመቷ የረድኤትን ያህል ነው፤ ዕድሜዋም ያው አሥራ ስምንት ቢሆን ነው፤ የለበሰችው ሹራብ እንኳ የረድኤት ሹራብ ነው። በሩ ላይ ቆማ አንገቷን ሰበር አደረገችና «እንደምን አረፈዱ እማዬ» አለች። ረድኤት እናቷን በሕይወቷ አንቱ ብላ አታውቅም።

«አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?» አለች ትርንጎ።

«ከዕቃው ጋር መለሱኝ» አለች ልጅቷ። ትሪውን ተቀበለቻትና ወደ ጓዳ ገባች።

ድንጋይ ጠራቢ ሰፈርን ለማያውቅ ሰው ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይሻላል። በዚህ ሰፈር ቤቱ ከቤት የተጣበቀ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ይማርህ የሚለው ከግድግዳው ወዲያ ያለው ነው። ሠርግ ሲሆን ድንኳኑና አግዳሚው ከእድር ይመጣል፤ ሳህኑ፣ ብርጭቆው፣ ድስቱ ደግሞ ከየቤቱ ይዋጣል። እንዳይቀላቀል ታዲያ እያንዳንዷ ሴት በጥፍር ቀለም ምልክቷን ታደርጋለች። አንዷ ሰማያዊ ነጥብ፣ አንዷ ሁለት ቀይ መስመር፣ አንዷ መስቀል። የሰፈሩ ሴቶች ጥፍራቸውን ሳይቀቡ የሳህን ቂጥ ሲቀቡ ዕድሜያቸውን ጨረሱ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአሰገደች ልጅ ሠርግ ላይ እንግዳው ከታሰበው በላይ ሆነ። አሳላፊ ስላነሰ እድሩ እያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ሴት ልጅ እንዲያውስ ወሰነ። እናቶቹ ልጆቻቸውን ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ጫማቸውን አስወለቁና ተረከዛቸው ላይ የየራሳቸውን ምልክት አደረጉ። ትርንጎ ብቻ አላደረገችም። «ኤዲያ! የወለድኳትን ልጅ በጥፍር ቀለም ነው የምለያት?» ብላ ሰው ሁሉ ፊት ሳቀች። ረድኤትም አብራ ሳቀችና ሄደች።

አሁን ትርንጎ ጓዳ ገብታ የእንግዳይቱን ጫማ አወለቀቻት። ግራ ተረከዟ ላይ አረንጓዴ ነጥብ አለ። ሰፈሩ ውስጥ አረንጓዴ የሚቀባ ቤት የለም። ነጠላዋን በትከሻዋ ጣል አድርጋ እየሮጠች ወጣች።

የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ጋሽ ሽብሩ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አግዳሚ ሲቆጥር የኖረ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ የማይሰማ ሰው ነው።

«ልጄን ለውጣችሁብኛል» አለችው።

ጋሽ ሽብሩ መነጽሩን አደረገና ደብተሩን ገለጠ። «ሴት ልጅ፣ አንድ ሄደች። ሴት ልጅ፣ አንድ ተመለሰች።»

«የኔ አይደለችም እኮ ነው የምልህ!»

«ምልክቷ ምን ነበር?»

«ምልክት አላደረግኩባትም።»

ጋሽ ሽብሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከልቡ አዘነላት። «ወይ ትርንጎ፣ ትርንጎ... ምን ነካሽ? በይ እስቲ መለያዋን ንገሪኝ።»

«ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አላት፣ በግራ በኩል። ሽንኩርት ስትልጥ ታንጎራጉራለች። መስታወት ስትወለውል ሃ ብላ ትተነፍስበታለች፤ ሁልጊዜ ውሃ ጠፋ እንዴ እያልኩ እቆጣታለሁ።» 

ጋሽ ሽብሩ ጎንበስ ብሎ «ሃ ትላለች» ብሎ ጻፈ። «እንግዲህ ፈልጊ» አላት። «እሑድ የባሻ ውድነህ ሙት ዓመት ነው፤ ዕቃ እንደገና ይወጣል። እስከዚያ ባለቤቱ ያልለየው ዕቃ ለያዘው ይጸናል። ደንቡን መቼም አንቺ አታጪውም።»

አታጣውም። አምና በዚሁ ደንብ የሰው ወንፊት አስቀርታለች።

መጀመሪያ ሠርግ ቤቱ ሄደች። አሰገደች በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። አንድ ልጇን ድራ ሐዋሳ መላኳ ነው፤ ዓይኗ አብጧል። «ሁሉንም መልሻለሁ ትርንጎዬ» አለቻት። «የሰው ማንኪያ እንኳ አላስቀረሁም።» ከኋላዋ ያ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ባለ መስታወት ቡፌዋ ይታያል። እዚያ ውስጥ የገባ ዕቃ ለሠርግም ለለቅሶም አይወጣም፤ ሲታይ ብቻ ይኖራል። ትርንጎ ይቅርታ ጠይቃ ተመለሰች።

ማክሰኞና ረቡዕ ቤት ለቤት ዞረች። ማንም ፊት አልነሳትም። ልጃገረዶቹ ገና ሲያዩዋት ወንበር ይዘው ተረከዛቸውን ያነሱላታል። መስቀል። ሦስት ነጥብ። ወይን ጠጅ ክብ። ሁሉም በየቤቱ፣ በየእናቱ ነው። ሴቶቹም ያጽናኗታል። «ያቺኛዋስ ምን አላት? ጨዋ ናት አሉ» ትላለች አንዷ። «እስክትለምጃት ነው እንጂ ያው ልጅ ልጅ ነው» ትላለች ሌላዋ። ትርንጎ የእነሱን ልጅ ወስዳ ይቺን ብትሰጣቸው ምን እንደሚሉ ልትጠይቃቸው ፈልጋ ነበር። ግን ሻይዋን ጠጥታ ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ አንድ ነገር ታወቃት። ጠባሳው የግራው ቅንድብ ላይ ይሁን የቀኙ ላይ እርግጠኛ አይደለችም። ሳፋውን ይዛ ቆመች። አሥራ ስምንት ዓመት ያየችው ፊት ነው። መሬት ላይ ቁጭ አለች። «አምላኬ፣ እሷን ወሰድክ፤ ማስታወሻዋን እንኳ ተውልኝ» እያለች አለቀሰች። እንግዳይቱ ልጅ ሮጣ መጣችና ሳፋውን ተቀበለቻት፤ ከዚያ መስኮቱን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ጀመረች። በደንብ ነው የምትወለውለው። ትርንጎ ያን አይታ የባሰ አለቀሰች።

ዓርብ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ በአሰገደች ደጅ አለፈች። የመንገዱ መስኮት ከውስጥ በኩል በትንፋሽ እንፋሎት ክብ ደመነ፤ ከዚያ አንድ እጅ በጨርቅ ጠረገው። ትርንጎ ዱቄቱን እዚያው ጥላ በሩን በርግዳ ገባች።

ረድኤት ጨርቁን እንደያዘች ዞረች። ጠባሳው በግራው ቅንድብ ላይ ነበር።

«ረድኤት! ልጄ!»

«እትዬ ትርንጎ፣ ደህና ዋሉ?» አለች ረድኤት። «ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ትርንጎ አልተቀመጠችም። ተንበርክካ እግሯን ያዘች። ተረከዟ ላይ ሁለት ቀይ መስመር ነበር።

አሰገደች ከጓዳ ወጣች። ልትዋሽ አልሞከረችም። «እሑድ ዕለት ዕቃ ስናጥብ ምልክት የሌላት ተረፈች» አለች። «ቤቱ ደግሞ ጭር ብሎብኛል፤ የልጄ አልጋ ባዶውን ሲያየኝ መቋቋም አልቻልኩም። ቀለሙ እጄ ላይ ነበር። ቀባኋት። ባለቤቷ ያልታወቀችውን ባለ አረንጓዴዋን ሹራቧን አልብሼ በምትኳ ላክኋት። አንቺ ብትሆኚ አትቀቢም?»

«የኔ ናት!»

«ነበረች» አለች አሰገደች፣ እና እሷም ማልቀስ ጀመረች።

ነገሩ በዚያው ማታ የእድሩ ዳኛ ዘንድ ደረሰ። ሦስት ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ረድኤትን አስቀርበው ተረከዟን በየተራ አዩ፤ አንደኛው ዓይኑ ደካማ ስለሆነ በጣቱ ዳሰሰው። «ምልክት አለ፤ ምልክት ያለበት የባለ ምልክቱ ነው» ተባባሉ። ዳኛው በለዘበ ድምፅ «ልጄ፣ አንቺስ የማን ነኝ ትያለሽ?» ሲላት፣ ረድኤት እግሯን አንስታ ራሷ አነበበችው። «የእማዬ አሰገደች» አለች።

ትርንጎ እግራቸው ላይ ወደቀች። በልጆቻቸው ለመነቻቸው፣ በሞቱ አባቶቻቸው ለመነቻቸው፣ ጉልበት ሳመች። ሽማግሌዎቹ አነሷት። ውሃ አጠጧት። ሰፈሩ ሰው በማጽናናት የሚደርስበት የለም፤ አሥራ አምስት ሴት ከብባ ደረቷን አሸችላት። ረድኤትም በሰዎቹ መሃል ገብታ እጇን ያዘቻትና «አይዞዎት፣ እርስዎ ጋ አንዷ አለች አይደል?» አለቻት። ውሳኔው ግን አልተነካም።

ቅዳሜ ጠዋት ትርንጎ ሱቅ ወርዳ ቀይ የጥፍር ቀለም ገዛች። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። ጎንበስ ብትል ብሩሹ ተረከዟ ጋ አልደርስ አላት።

«እኔ ልቀባዎት» አለች እንግዳይቱ ልጅ። ቁጢጥ ብላ ሁለት ቀይ መስመር አሰመረችላት። እጇ ቀጥ ያለ ነው። እስኪደርቅ «ፉ፣ ፉ» አለችበት። ከዚያ ቀና ሳትል «እኔስ?» አለች።

«አንቺ ቤቱን ጠብቂ። አረንጓዴ የምትቀባ ሴት ከመጣች ክፈቺላት።»

«መጥታ እንዳታጣኝ ብዬ ነው ከመጣሁ ከቤት ያልወጣሁት» አለች ልጅቷ። ትርንጎ ያን ጊዜ ብቻ ደህና አድርጋ አየቻት። የልጅቷም ዓይን እንደ ራሷ ዓይን አብጦ ነበር። ሹራቧን አስተካከለችላትና ተነሣች።

ጋሽ ሽብሩ ለሙት ዓመቱ ዕቃ ሲሰበስብ ተራዋ ደረሰ። «አንቺስ ምን ታውሻለሽ?»

«እኔኑ።»

ከላይ እስከ ታች አያት። «እናት፣ አንድ» ብሎ ጻፈ። «ትንሽ ያረጀች» ብሎ ጨመረበት፤ ዕቃ ሲቀበል ያለበትን ሁኔታ መጻፍ ልማዱ ነው። ምልክቱን አላየም፤ ምልክት የሚታየው ሲመለስ ነው።

እሑድ ድንኳኑ ውስጥ ዋለች። ማንም አላነጋገራትም። አንዲት ሴት የብርጭቆ ሳጥን ጭኗ ላይ አስቀመጠችባት፣ እሷም ያዘችው። ሰኞ ረፋዱ ላይ ከትሪና ከድስት ጋር ጋሪ ላይ ጫኗት። በራሷ ደጃፍ ሲያልፉ ልጅቷ በሩን ከፍታ ቆማ ነበር፤ ወዲያና ወዲህ መንገዱን እያየች። ጋሪው ግን እዚያ አልቆመም። ጋሽ ሽብሩ ተረከዟን ገልብጦ «ሁለት ቀይ መስመር! የአሰገደች!» ብሎ ተጣራ።

አሰገደች ወጥታ አየቻትና ፊቷ ተለዋወጠ። «ይቺን ደግሞ መቼ አዋስኩ?»

ረድኤት ጎንበስ ብላ አነበበች። «ምልክቱ የእኛ ነው» አለች።

አሰገደች መጀመሪያ ተረከዙን፣ ቀጥላ ረድኤትን አየች። ጋሽ ሽብሩ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል፤ ከኋላው ጎረቤቱ ቆሟል። ምልክት ይሳሳታል ብትል ስለ ረድኤትም ያው ሊባል ነው። «የእኛ ናት» አለች በመጨረሻ። «አስገቧት።»

«ለዘወትር ትሁን?» አለች ረድኤት።

«አይሆንም፣ ትሰበራለች። ቡፌው ውስጥ አድርጊያት።»

የመሃሉን መደርደሪያ አወጡላት። ትርንጎ ጉልበቷን አጥፋ በሻይ ስኒዎቹና በላስቲክ አበባው መካከል ገባች። ረድኤት ቀሚሷ በሩ እንዳይዘው ወደ ውስጥ ሰበሰበችላትና ቁልፉን አዞረች። ከዚያ እናትና ልጅ ምሳ ቀረቡ።

ትርንጎ ደስ አላት፤ ይህ መካድ የለበትም። ልጇ ሁለት ክንድ ርቃ ተቀምጣ ትጎርሳለች፤ ጠባሳው በግራው ቅንድብ ላይ ነው፤ ከእንግዲህ አይጠፋትም። ጥቂት ካየቻት በኋላ ግን አልቻለችም። «ረድኤት» አለች። መስታወቱ አፏ ፊት በእንፋሎት ደመነ።

ረድኤት ቀና አለች። ጨርቅ አንስታ መጥታ ወለወለችው። አልጠራ አለ፤ እንፋሎቱ ከውስጥ በኩል ነው።

«ተይው» አለች አሰገደች ከምሳዋ ሳትነሣ። «ለፋሲካ ሲከፈት ይጠረጋል።»

ረድኤት አልተወችውም። ተጠግታ ሃ ብላ ተነፈሰችበት። ከውስጥም ሃ ተባለ። ሁለቱ የእንፋሎት ክቦች ትክክል ተደራርበው እኩል ሰፉ፣ እኩል ጠበቡ። ረድኤት የራሷን ጠረገችና ያኛው ለምን እንደማይለቅ ለማየት ፊቷን ወደ መስታወቱ አስጠጋች።