ስትገባ የሚቆም ሳቅ

ጠይባ ገና ከበሩ ሳትደርስ ሳቅ ይሰማታል፤ ስትገባ ሳቁ ቀጥ ይላል። የሚቀረው የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ብቻ ነው።

ብዙ ዘመን ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ ነበር መካነ ሰላም ላይ ይህን ስፌት ቤት የከፈተችው። ዘንድሮ ከላላ ለሚገኝ ትምህርት ቤት የተማሪ ዩኒፎርም ለማድረስ ተዋውላለች። ሥራ ላይ የሚስቅ ሰው አንድም ሰነፍ፣ አንድም ሌባ ነው ብላ ታምናለች። የጅዳዋ እመቤቷ ከማድ ቤት ሳቅ ከሰማች «ምን ደበቃችሁ?» ብላ የሠራተኞቿን ኪስ ታራግፍ ነበር።

ይበልጥ የጠረጠረችው አራጋውን ነው። አራጋው ጨርቅ ቆራጭ ነው፤ ከወረኢሉ የመጣ፣ ጨዋታ የማያልቅበት ጎልማሳ። «ይሄ ሰውዬ እያሳቀ ጨርቄን ያስወጣብኛል» አለች በሆዷ። ማታ ሲወጡ የሁሉንም ቦርሳ መፈተሽ ጀመረች። ከሰፊዎቹ በዕድሜ ትልቋ ከአስቻለች ቦርሳ የወጣው የተረፈ ድንች ነበር። አስቻለች ቦርሳዋን ዘግታ ቀና ብላም ሳታያት ሄደች።

በነጋታው ጠይባ ጨዋታ ከለከለች። «ወሬ በየቤታችሁ!»

ቤቱ ጸጥ አለ፤ ሥራውም ተጎተተ። እጅጌ ተገልብጦ ይሰፋል፤ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል። ጠይባ ይህንንም ጠረጠረች። ሊያከስሩኝ መክረዋል አለች።

አንድ ቀን «ወረኢሉ ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣችና፣ ከመናኸሪያው ተመልሳ በጓሮ ዞራ በመስኮት አጮለቀች።

«በሉ እንግዲህ!» አለ አራጋው። «ወንበሩ ዛሬ ባለቤት የለውም!»

መኪናዎቹ በአንዴ ጮኹ። ሁሉም እጅጌ ለመጨረስ ይሽቀዳደማል። አስቻለች ቀደመች፤ ብድግ ብላ የጠይባ ወንበር ላይ ጉብ አለች፤ ሻርፗን እስከ ግንባሯ ስባ፣ ዓይኗን አጥብባ «ያላ! ያላ! ቦርሳህን አምጣ፣ አራጋው! ሳቅህን የት ደበቅከው?» አለች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የማንም እጅ ግን አላረፈም፤ ሁሉም ወንበሩን ከአስቻለች ለመንጠቅ ቀጣዩን እጅጌ ጀምሯል።

የጠይባ ፊት ጋለ። አስቻለች የቀዳችው የእሷን ድምፅ ነው። በጆሮዋ የገባው ግን የጅዳዋ እመቤት ድምፅ ነበር።

በሩን ከፍታ ገባች። አስቻለች ከወንበሩ ተፈናጥራ ተነሣች።

«አውፍ ይበሉኝ፣ እትዬ፤ አጥፍቻለሁ። ጨዋታ ነው።»

«ያሸነፈ ነው የሚቀመጠው?»

«አዎ» አለ አራጋው መቀሱን አስቀምጦ። «ለወንበሩ ሲል ሰው ይፈጥናል። እርስዎ ሲከለክሉን እጃችን ሞተ።»

«እኔን ማላገጣችሁስ?»

አስቻለች ናት የመለሰችው። «ቦርሳዬ ሲፈተሽ አንጀቴ አሯል፣ እትዬ። ባልስቅበት ኖሮ ትቼልዎ እሄድ ነበር።»

ጠይባ ወደ አስቻለች ቀረብ አለች። «አንቺም አውፍ በይኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ የማንንም ቦርሳ አልነካችም፤ ጨዋታውንም አልከለከለችም። ዩኒፎርሙ ትምህርት ሳይከፈት በአይሱዙ ተጭኖ ከላላ ገባ።

ጭነቱን በሸኙበት ቀን ግን አንድ ነገር ከነከናትና አራጋውን ለብቻው ጠራችው።

«ያን ቀን መስኮቱ ጋ መቆሜን አውቀህ ነበር?»

«እኔ የማየው ጨርቅ ነው፣ እትዬ» አለና ጥርሱን ብልጭ አደረገ።

ጠይባ ትክ ብላ አየችው። ልትቆጣ ነበር፤ ሳታስበው እሷም ሳቋ አመለጣት።