የይርጋነሽ ግራሞፎን

ይርጋነሽ ባሏን ረሳችው። ረሳችው ስላችሁ ስሙን ብቻ አይደለም፤ ሰውየውን ራሱን። አርባ ስምንት ዓመት አብራው ኖራ፣ አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ሲያቀርብላት «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፤ የማን እንግዳ ነዎት?» አለችው። የቢቸናው ልብስ ሰፊ ዘመነ ጓዳ ገብቶ አለቀሰ። ምን ያድርግ!

እያለቀሰ ሠርጋቸው ትዝ አለው። የአጎቱ ግራሞፎን አንድ ሸክላ ደጋግሞ ሲጫወት፣ ሙሽራይቱ ሰው ያላያት መስሏት ትከሻዋን ሰበቅ ሰበቅ ታደርግ ነበር። ያን ዘፈን ብትሰማ ታውቀኝ ይሆናል አለ። ሸክላው ሣጥን ውስጥ አለ፤ ከአጎቱ የወረሰው ግራሞፎን ግን ከተፈታ ዘመን ሆኖታል። ቀንዱ የኑግ ዘይት ወደ ጠርሙስ መገልበጫ፣ ማዞሪያው የበር መቀርቀሪያ ሆኗል። ከቆጥ ላይ፣ ከአልጋ ሥር፣ ብረት የመሰለውን ሁሉ በጆንያ ሰብስቦ፣ ይርጋነሽን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ሞጣ ሄደ።

ሰዓት ጠጋኙ ሐጂ ሳሊህ ጆንያውን ዘርግፈው ሳቁ። «ጋሽ ዘመነ፣ ግማሽ ገበያ እኮ ነው ያመጡልኝ! ይኼ የጫማ ሰፊ ወስፌ ነው። ይኼ የአንጥረኛ ጉጠት። ይኼ የጠመንጃ ነገር ነው፤ እኔ አላየሁም።» እያንዳንዱን ብረት በአውራ ጣታቸው እያሻሹ፣ አንዳንዱንም እያሸተቱ የግራሞፎኑን ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ወደ ግራ ለዩት። ዘመነን እንቅልፍ እንቅልፍ አለው፤ በስተቀኝ ካለው ክምር የሠርጉ ቀን ጥቂት በጥቂት የሚሰበሰብ መሰለው። የተበጠሰውን ሞላ በሌላ ቀየሩት፤ ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን ዞረ። ድምፅ ግን የለም።

«ጉሮሮው ባዶ ነው» አሉ ሐጂ፣ መርፌው የሚሰካበትን ክብ ብረት እያሳዩ። «እዚህ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ የድንጋይ ቅጠል ነበረው፤ ድምፁን የሚያወጣው እሱ ነው። እንዲህ ያለ።» ከመሳቢያቸው ጥፍር የምታህል ስባሪ አወጡ። «ሙሉውን ከየት ላምጣልዎ?»

ዘመነ ቅጠሉን ያውቀዋል። ግራሞፎኑ በተፈታ ሰሞን ይርጋነሽ የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ሦስት ቀን ቆየች። አማቱ ከወለሉ ላይ የሚያበራ ክብ ነገር አግኝተው «ማርያም የላከችው ነው፣ ስፋው» አሉት። እሱም አምኖ፣ በገዛ እጁ በቆዳ ሰፍቶ አንገቷ ላይ አሰረላት። በሰላም ተገላገለች። ከዚያ ወዲህ ያን ክታብ ለጸበል እንኳ አውልቃው አታውቅም፤ አንዴ ልጇ ቢነካው በጥፊ አጩላዋለች።

የተገጣጠመውን ግራሞፎን ተሸክሞ ቢቸና ተመለሰ፤ መቀስ ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። ትጮኻለች፣ ትቧጭራለች ብሎ ተዘጋጅቷል። እሷ ግን አንገቷን ዘንበል አድርጋ ክሩን እስኪቆርጥ ጠበቀችው። ምነው በጮኸች!

ቅጠሉን ከቆዳው አውጥቶ ሐጂ እንዳሳዩት በሰም አጣበቀና ማዞሪያውን አዞረ። መጀመሪያ መንኮሻኮሽ መጣ፤ ቀጥሎ ከተራራ ማዶ የሚመስል ዘፈን። የከሰዓቱ ፀሐይ ወለሉ ላይ ተኝታለች። ይርጋነሽ ዓይኗን ጨፈነች፤ ትከሻዋ ሰበቅ አለ።

«ወይኔ!» አለች ድንገት ብድግ ብላ። «አባቴ፣ እባክዎ ይሩጡና ዘመነን ይጥሩልኝ! ሳያልቅ ይድረስ፤ ይኼን ዘፈን እንዴት እንደሚወድ!»

ዘመነ «እሺ» አለ። ጋቢውን ጥሎ ወጣ፤ በጓሮ ዞሮ ፊቱን በውሃ አበሰ። ሸክላው ሊያልቅ ሲል በሩን አንኳኩቶ ገባ።

«ምን አስቆየህ አንተ ሰው!» አለችው፣ አጠገቧ ቦታ እየለቀቀችለት።