የዓመቱ ሕፃን

አዋላጇን ሰው ሁሉ ከጀርባዋ "መቀስ" ይላታል። ፊት ለፊት የሚላት የለም፤ ማን ደፍሮ! ስሙ በሥራዋ ብቻ የወጣላት እንዳይመስላችሁ፤ በምላሷም ነው። እትብት እንደምትቆርጠው ነገርም ትቆርጣለች፤ አንዴ ነው፣ ያልቃል። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርታለች። በዚያ ሠፈር ሃያዎቹን ያላለፈ ሰው ካገኛችሁ፣ መጀመሪያ የነካው እጅ የእሷ እጅ ነው ብትሉ አትሳሳቱም።

በቤተ ክርስቲያናቸው ደግሞ አንድ ልማድ አለ። ገና ሲደርስ ከመድረኩ ጎን በረት ይሠራል፣ ግርግም ይቀመጣል፣ አንዷ ልጃገረድ ማርያምን፣ አንዱ ጎልማሳ ዮሴፍን ይሆናሉ። ግርግሙ ውስጥ የሚተኛው ግን እውነተኛ ሕፃን ነው፤ በዚያ ዓመት ከምእመናኑ መሃል መጨረሻ የተወለደው። "የዓመቱ ሕፃን" ይሉታል። ከበሩ እስከ ግርግሙ አቅፋ የምታመጣው አዋላጇ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሆኖ ቆይቷል። አንዱ ሕፃን ስብከቱን በለቅሶ አቋርጧል፣ አንዱ ዮሴፍ ላይ ሸንቷል፤ ያን ጊዜ ዮሴፍ የነበረው የባንክ ሠራተኛ እስከ ዛሬ ይቀለድበታል።

የዘንድሮው የዓመቱ ሕፃን ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። አምስት ሳምንቱ ነው፣ ወንድ ነው፣ የአዋላጇ የልጅ ልጅ ነው። አባት ግን የለውም። አለው እንጂ፣ ከዛፍ አልተቀጠፈም፤ የአዋላጇ ሴት ልጅ ሆዷ መግፋቱን እንደሰማ ስልኩን አጥፍቶ የተሰወረ ሰው አባት ከተባለ ነው።

ገና አራት ቀን ሲቀረው አዋላጇ ከሥራ ስትወጣ በረቱ እንዴት እንደሆነ ልታይ ወደ አዳራሹ ጎራ አለች። ምሰሶው ተተክሏል፣ ገለባው ተነጥፏል። የዝግጅት ኮሚቴው ሰብሳቢ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ አፏ ውስጥ ስፒል ነክሳ የማርያምን ሰማያዊ ቀሚስ ጠርዙን ትዘመዝማለች። ግርግሙ ውስጥ አሻንጉሊት ተኝቷል። የፕላስቲክ አሻንጉሊት፣ ጉንጩ ቀይ፣ ዓይኑ ሲያጋድሉት የሚከደን።

ይሄ ምንድን ነው አለች። ልብስ ሰፊዋ ስፒሉን አንድ በአንድ ካፏ እያወጣች፣ ኮሚቴው ተነጋግሮበት እንደሆነ፣ ዘንድሮ ጉንፋኑ እንደበረታ፣ ለጨቅላ ሕፃን ሕዝብ የተሰበሰበበት ቦታ ጥሩ እንዳልሆነ ነገረቻት። ጉንፋን! ለአዋላጅ! የአምናው ሕፃን አሥራ አንድ ቀኑ ነበር፤ አምና ጉንፋኑ የት ሄዶ ነበር? አዋላጇ ይህንኑ ጠየቀቻት። ልብስ ሰፊዋ የቀረውን ስፒል ቀሚሱ ላይ ሰካች።

"እትዬ፣ እኛ እኮ ለልጅቷ አስበን ነው" አለች። "ሰው ፊት ወጥታ እንዳትሸማቀቅ።"

የአዋላጇ ደም ፈላ። አሻንጉሊቱን ባንድ እግሩ አንጠልጥላ ከግርግሙ አወጣችው፤ እንደ ሞተ ዶሮ ነው የያዘችው። ማርያምን የምትሆነው ልጃገረድ ሳቋ ስላመለጣት ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ልብስ ሰፊዋ ልታስረዳት ስትከተላት፣ አዋላጇ ዘወር ሳትል "ቂጥ ገልቦ ክንብንብ" አለቻትና ወደ መጋቢው ቢሮ ገሰገሰች።

እንዲያ ስትቸኩል ያያት፣ ለልጇ ሟች እናት ይላታል። እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ነገሩን ያወቀችው በአራተኛው ወር ነው፤ አዋላጅ ሆና በአራተኛው ወር! ያወቀች ዕለት አልመታቻትም፣ ከቤት አላባረረቻትም። ጓሮ ካለው ዕቃ ቤት አሮጌውን ኮተት አስወጥታ፣ ቀለም አስቀብታ፣ አልጋ አስገብታ ልጅቷን እዚያ አዛወረቻት። ዋናው ቤት እንግዳ ይበዛበታል፣ የሰው ዓይን ክፉ ነው፣ እዚያ ሰላም ታገኛለች አለች። የልጅቷ የድሮ ክፍል ተቆለፈ። ምን አጎደልኩባት ትላለች ለራሷ፤ ማንም ሳይጠይቃት በቀን ሦስት ጊዜ ትላለች።

መጋቢው ደግ ሰው ነው፣ ሰው ማስቀየም አይሆንለትም፤ ስለዚህ ሁሉንም ያስቀይማል። አዋላጇ አሻንጉሊቱን አንጠልጥላ ስትገባ የገናውን ስብከት እየጻፈ ነበር። ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም። በእምነታቸው ያልጸኑ ሰዎች እንዳይሰናከሉ፣ ወጣቶቹም ነገሩ የተፈቀደ እንዳይመስላቸው ብለው እንደሆነ በለሆሳስ አስረዳት። ትንሽ ወራት ይለፍና፣ አለ፣ ሕፃኑን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ጸሎት ላይ እናመጣዋለን። ማክሰኞ ከሰዓት የሚመጡት አራት አሮጊቶች ናቸው፤ ከአራቱ ሁለቱ ዓይናቸው አያይም።

ምን እየጻፉ ነው ብላ ጠየቀችው። ስለ ልደቱ ትሕትና አላት።

"ትሕትና" አለች አዋላጇ። "እኔ ማዋለድ እንጂ መስበክ አላውቅም። ግን ልንገርዎት። ያቺ ልጅ፣ ማርያም፣ እጮኛዋ ቤት ሳትገባ ሆዷ ሲገፋ የመንደሩ ሰው መልአኩን አላየም። ሆዷን ነው ያየው። እርስዎ ያን ጊዜ የዚያ መንደር መጋቢ ቢሆኑ ኖሮ፣ ማክሰኞ ከሰዓት ነበር የሚያስገቧት።"

መጋቢው ፊቱ ቀላ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ ያ የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ነው፣ ይህ ደግሞ የምናውቀው ነው ሊል ጀመረ። አላስጨረሰችውም።

"አንድ እንዳልሆኑማ አውቃለሁ። ልጄ ማርያም አይደለችም፤ ለዚያ እኔም አልቅሻለሁ። ልጁስ? ልጁ ምን አደረገ? ጌታ ሲመጣ በሰው ሐሜት መሃል አልፎ የገባው ሌላ በር ጠፍቶት ነው? ከትልቅ ቤት መወለድ አቅቶት ነው? እንዲህ ዓይነቱን ልጅ እንዳንጠየፍ ብሎ እኮ ነው። እርስዎ ደግሞ ይህንን ሊሰብኩ ፕላስቲክ ያስተኛሉ።"

አሻንጉሊቱን ስብከቱ ላይ አስቀመጠችለት። ተጋድሞ ዓይኑን ከደነ። መጋቢው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እያሸ፣ ልክ ነዎት እትዬ፣ ሕፃኑ ይምጣ፣ ኮሚቴውን እኔ አነጋግራለሁ አለ። አዋላጇ አመሰግናለሁ እንኳ ሳትል ወጣች።

ቤት ስትደርስ ልጅቷ ጓሮ ተቀምጣ የሽንት ጨርቅ ታጥባለች። ሕፃኑ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተኝቷል። አዋላጇ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ባንድ ትንፋሽ ነገረቻት፤ ልብስ ሰፊዋን ምን እንዳለቻት፣ መጋቢውን እንዴት እንዳሳመነችው፣ የገና ዕለት ጠዋት ሕፃኑ ነጭ እንዲለብስ፣ ራሷ አቅፋ እንደምታስገባው።

"አይሄድም" አለች ልጅቷ። እጇን ከአረፋው አላወጣችም።

አዋላጇ እፍረት መሰላት። ማንንም አትፍሪ፣ አፋቸውን አዘግቼልሻለሁ፣ ቀና ብለሽ ግቢ፣ ይዩሽ አለቻት። ልጅቷ ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም።

"እማዬ፣ ስንት ሳምንቱ ነው?"

"አምስት።"

"አንድ ቀን አቅፈሽዋል?"

አዋላጇ ያደረገችውን በልቧ መቁጠር ጀመረች። ሾርባ ልካለች። ሳሙና ልካለች። እትብቱ ወደቀ ወይ ብላ ጠይቃለች፣ ጡት ይይዛል ወይ ብላ ጠይቃለች፤ ግን ሁልጊዜ ከደፉ ወዲህ ቆማ ነው። ሥራ በዝቶባት ነበር፣ ጤና ጣቢያው በሽተኛ ሞልቶት ነበር፣ ለሕፃኑ ጀርም እንዳታመጣበት ብላ ነበር። አምስት ሳምንት ሙሉ።

ልጅቷ ቆጥባ የያዘችውን ሁሉ ያን ቀን አወጣችው፤ አልጮኸችም፣ ጨርቁን እያሸች ነው የተናገረችው። ምጡ የጀመራት ዕለት ጠዋት ወደ ዋናው ቤት መጥታ ነበር። እናቷ ሌላ ሴት ልታዋልድ ቦርሳዋን ትሸክፋለች። ወገቤን ቆረጠኝ አለቻት። እናቷ ቀና ሳትል በጣቷ ቆጥራ፣ ገና ሁለት ሳምንት ይቀርሻል፣ የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ ይዘገያል፣ ሂጂ ጋደም በይ ብላት ወጣች። አስቡት እንግዲህ፤ ይህች ሴት እርጉዝ በበሩ ከገባች እጇን ሆዷ ላይ ሳታሳርፍ ስሟን እንኳ የማትጠይቅ ሴት ናት። ሳይዳስሱ ወር የሚቆጥሩ ጀማሪ አዋላጆችን እስኪያለቅሱ ድረስ ነው የምትቆጣቸው። የገዛ ልጇን ሆድ ግን በዘጠኝ ወር ውስጥ አንድ ቀን አልነካችውም። በጣት ቆጥራ በጣት ተሳሳተች። ልጅቷ ወደ ቀትር ላይ ብቻዋን ታክሲ ይዛ፣ እናቷን እንዳታሳፍር ጤና ጣቢያውን አልፋ፣ ከከተማው ማዶ ካለው ሆስፒታል ገባች። የልጇን እትብት የቆረጠው ስሙን የማታውቀው ሰው ነው።

"የሰው ሆድ ስትዳስሺ ትውያለሽ" አለች ልጅቷ። "የእኔን ተጸየፍሽው። ልጄን እዚህ ያላቀፍሽውን እዚያ ሰው ፊት አታቅፊውም።"

አዋላጇ ጮኸች። እውነት የተነገረው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንን ነው። ማን አሳደገሽ፣ ማን አስተማረሽ፣ ይህን ክፍል ማን ቀለም አስቀባልሽ፣ ውለታ ቢስ አለቻት። ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ። ልጅቷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ገባች፣ በሩንም ዘጋችው። አዋላጇም ወደ ዋናው ቤት ገብታ የራሷን በር ወረወረችው።

ለሦስት ቀን ያላኮረፈችው ሰው አልነበረም። ጤና ጣቢያው ውስጥ ካርድ ክፍሉን ሰደበች፣ ነርሷን አስለቀሰች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እሷን ነው። አንድ ነገር ግን አልለቃት አለ። ልብስ ሰፊዋ "ለልጅቷ አስበን ነው" ስትል ደሟ የፈላው ለካ ቃሉን ስለምታውቀው ነው። የራሷ ቃል ነው፤ ዕቃ ቤቱን ስታስቀባ ያለችው እሱኑ ነው። ይህ የገባት ዕለት በራሷ ላይ የተናደደችውን ያህል በማንም ተናዳ አታውቅም።

የገና ዕለት አዳራሹ ጢም ብሏል። ልብስ ሰፊዋ ግርግሙ ላይ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አንጥፋለች፤ መጋቢው ሰው ሁሉ እንዲቆም ጠየቀ። በሩ ተከፈተና አዋላጇ ገባች። እጇ ባዶ ነበር። በወንበሮቹ መሃል አልፋ ግርግሙ ጋ ስትደርስ ሕዝቡ አጉረመረመ፤ መጋቢው ጎንበስ ብሎ ሕፃኑ የት እንዳለ ጠየቃት። እሷ ወደ ሕዝቡ ዞረች። ማይክ አልያዘችም፤ አያስፈልጋትም።

"ልጄ እምቢ ብላለች። ልክ ናት" አለች። "ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ቆሜ ያንን የእንግዶች ማደሪያ ባለቤት በልቤ ስረግመው ኖሬአለሁ፤ እርጉዝ ሴት የመለሰ ጨካኝ እያልኩ። ሰውዬው ቤቱ ሞልቶበት ነው። የእኔ ቤት ባዶ ነበር።"

ሌላ አልጨመረችም። መዝሙሩ ሳይጀመር በመጣችበት ወጣች፣ ማንም አልተከተላትም።

ልጅቷ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ የሚነጫነጨውን ሕፃን አቅፋ ወዲያ ወዲህ ትላለች። እናቷን ስታይ ቆም አለች፤ አገልግሎቱ ገና አላለቀም። አዋላጇ ክፍልሽን ከፍቼዋለሁ፣ አልጋውን አንጥፌዋለሁ፣ ካልፈለግሽም አልቆጣም አለቻት። ልጅቷ ስለ ክፍሉ አልመለሰችላትም። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፤ ቁጣው ግን አልወጣላትም፣ እንዲህ በቀላሉ የሚወጣም አይደለም።

"እጅሽን ታጠቢ" አለቻት በመጨረሻ።

አዋላጇ ከቧንቧው ሄዳ እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ተመልሳ መጥታ ደፉን ተሻገረች። ልጅቷ ሕፃኑን ስታቀብላት እጇን ቶሎ አልለቀቀችም።

"አንገቱን ደግፊ" አለቻት።

ሠላሳ ዓመት ያዋለደችው ሴት "እሺ" አለችና አንገቱን ደገፈች።